እውነተኛው ሙስታንግ ወይስ የመደርደሪያው? ክላሲክ የአሜሪካ መኪና መሰብሰብ ለምትፈልጉ

የድሮ የአሜሪካ መኪና ፍቅር የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱን ልግዛ?" ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ሌላ ይቀድመዋል። ምን ልታደርጉበት ነው? ልትነዱት? ፈታታችሁ ልትገጥሙት? ወይስ መልኩን እያያችሁ ልትደሰቱበት? ሦስቱም ደስ የሚል ነገር ነው። ሦስቱን እኩል የሚሰጥ ግን የለም። መንዳት የሚወድ ሰው የተበታተነ መኪና በርካሽ ይገዛና ለዓመታት ሸራ አልብሶ ያስቀምጠዋል። መልኩን ብቻ የሚወድ ሰው ደግሞ ለጋራዥ ኪራይ፣ ለኢንሹራንስና ለመካኒክ እየከፈለ መኪናውን በወር አንዴ እንኳ አያስነሳውም።

ሞዴል፣ ማለትም በትንሹ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የመኪና አምሳያ፣ መሰብሰብን ገንዘብ ያጠረው ሰው ማጽናኛ አድርገው የሚያዩ አሉ። በዚህ አልስማማም። እውነተኛ መኪና ያላቸው፣ ግን ሞዴሉን በበለጠ ፍቅር የሚከታተሉ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም። ስለዚህ ሁለቱንም በእኩል ክብር ላነጻጽር ነው።

እንዲቀለን አንድ መኪና ይዘን እንነሳ፦ ፎርድ ሙስታንግ፣ የ1965 እና የ1966 ሞዴል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሙስታንግ ለሕዝብ የቀረበው ኤፕሪል 17 ቀን 1964 ኒውዮርክ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ሚሊዮንኛው ተሠራ። ይህ ብዛት ዛሬም ይጠቅመናል፤ መኪናው ይገኛል፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ሞዴሉም በሁሉም መጠን ተሠርቷል። ለንጽጽር ከዚህ የሚሻል መኪና አላውቅም።

እውነተኛው መኪና ምን ይጠይቃል?

ቦታ ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት ቦታ። አፓርታማ የሚኖር ሰው ደረቅና የሚዘጋ ጋራዥ መከራየት አለበት። የራሱ ቤት ያለውም ቢሆን የሰፈሩን ደንብ ያንብብ፤ ብዙ የአሜሪካ ሰፈሮች ታርጋ የሌለው ወይም የተፈታ መኪና ደጅ ላይ እንዲቆም አይፈቅዱም። ሙስታንግ 4.6 ሜትር ያህል ነው፤ ተራ ጋራዥ ውስጥ ይገባል። የ1959 ካዲላክ ግን 5.7 ሜትር ነው። ስድስት ሜትር ጥልቀት ያለው ጋራዥ ውስጥ ብታስገቡት በፊቱ ሰው ማለፍ ይቸግረዋል። ያ የጅራቱ ክንፍ የሚያምራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ጋራዡን ለኩ።

ጊዜም ይጠይቃል። ካርቡሬተር ያለው መኪና ሲቆም ይበላሻል እንጂ አይሻለውም። ቤንዚኑ ይበሰብሳል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ቅርጹን ያጣል። አሁን የሚሸጠው ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት የድሮውን የላስቲክ ቱቦ ይበላዋል፤ ስለዚህ ቱቦዎቹ በአዲስ ዓይነት መቀየራቸውን ጠይቁ። ካንዴላ መቀየርና ዘይት ማውረድ የማይሠለቻችሁ ከሆነ ይህ ሁሉ ደስታ ነው። የሚሠለቻችሁ ከሆነ ግን ለእያንዳንዷ ነገር መካኒክ ትጠራላችሁ፣ ካርቡሬተር የሚያውቅ መካኒክ ደግሞ እየቀነሰ ነው።

የደኅንነቱን ነገር በግልጽ ልናገር። የ1965 እና 66 ሙስታንግ የፍሬን ዘይት ሲስተሙ ባለ አንድ መስመር ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን ታጣላችሁ። ቀበቶው ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው፣ ፍሬኑም በመደበኛነት በአራቱም ጎማ ባለ ከበሮ ነው። ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ ማስገባት ከባድ ሥራ አይደለም፤ መኪናው ላይ ከሚሠራው ሁሉ የመጀመሪያው ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። "ኦሪጅናልነቱ ይበላሻል" የሚል ሰው ካለ፣ ልጆቻችሁን ከኋላ አስቀምጣችሁ የምትነዱት እናንተ ናችሁ፣ እሱ አይደለም።

ኢንሹራንስ ግን ከሚፈራው በታች ነው። የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ የሚሰጡ ድርጅቶች፣ ሃገርቲ በጣም የታወቀው ነው፣ የመኪናውን ዋጋ ከእናንተ ጋር አስቀድመው ይስማማሉ። አደጋ ቢደርስ "መኪናው አሮጌ ነው" ብለው አይከራከሩም። በምትኩ መኪናው ጋራዥ እንዲያድርና ለዕለት መመላለሻ ሌላ መኪና እንዲኖራችሁ ይፈልጋሉ። ታርጋውም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአንቲክ ታርጋ ማግኘት ይችላል፤ ያን ታርጋ ለጥፎ በየቀኑ ሥራ መሄድ ግን አይፈቀድም። ጀርመን ያላችሁ 30 ዓመት የሞላውንና መልኩን የጠበቀውን መኪና ባለ "ኤች" (የታሪካዊ መኪና) ታርጋ ማውጣት ትችላላችሁ።

ከእውነተኞቹ የቱ?

ሙስታንግ፣ የ1957 ሸቭሮሌት፣ ሸቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ፣ የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርጠው ከእነዚህ መካከል ነው።

ሙስታንግ በሦስት መልክ ይመጣል፦ ኩፔ (ጣሪያው የማይነሳ ባለ ሁለት በር)፣ ኮንቨርቲብል (ጣሪያው የሚታጠፍ) እና ፋስትባክ (ጣሪያው እስከ ኋላ ድረስ ዘቅዘቅ ብሎ የሚወርድ)። በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ካሉ በአብዛኛው ፋስትባኩ ይወደዳል፣ ኮንቨርቲብሉ ይከተላል፣ ኩፔው ርካሹ ነው። ለመጀመሪያ መኪና ኩፔውን ነው የምመክረው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ ያው ነው፤ በርካሹ ገዝታችሁ የተረፈውን ገንዘብ ለፍሬንና ለጎማ ታውሉታላችሁ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩም አይናቅ። ኃይሉ ትንሽ ነው፣ ግን ቀላል ነው፣ ኮፈኑ ሥር እጅ እንደልብ ይገባል፣ ለተማሪ መካኒክ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ሙስታንግ የተለየ ሻንሲ የለውም። ቦዲው ራሱ ተሸካሚው ነው። ስለዚህ ዝገት እዚህ መልክ የሚያበላሽ ብቻ አይደለም፣ የመኪናውን አጥንት ይበላል። ዋናው ቦታ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ነው። ዝናቡ እዚያ ይገባል፣ ቅጠልና አቧራ ይጠራቀማል፣ ላሜራው ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ምንም አይታይም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ጠርሙስ ውሃ በአየር ማስገቢያው ላይ አፍስሱና ዳሽቦርዱ ሥር ተጎንብሳችሁ ተመልከቱ። ምንጣፉ ላይ ከተንጠባጠበ ከባድ የባቲላሜራ ሥራ ይጠብቃችኋል፤ ብዙ የብየዳ ነጥብ ተቦርቡሮ፣ ክዳኑ ተነስቶ፣ ተሠርቶ መልሶ መበየድ አለበት። ከዚያ የኋላ ሻንጣውን ክፈቱ። የሙስታንግ የነዳጅ ታንክ የላይኛው ገጽ ራሱ የሻንጣው ወለል ነው። ምንጣፉን አንሱና ዙሪያውን ለዝገት እዩት። በመጨረሻ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹና የኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ አሳልፉት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው።

የ57 ሸቭሮሌት ሌላ ዓለም ነው። የራሱ ሻንሲ አለው፣ ቦዲው ላዩ ላይ ይቀመጣል። ሰፊ ነው፣ ቤተሰብ ይይዛል። በ1955 የወጣው የሸቭሮሌት ትንሹ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር በ57 ወደ 283 ኪዩቢክ ኢንች አድጎ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይህን ሞተር የማያውቅ የአሜሪካ መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ ኒኬሉ ነው። ከፊት ጥርሱ እስከ ኋላ ክንፉ የሚያብረቀርቅ ነገር የሞላበት መኪና ነው፣ የኒኬል ቅብ ማስመለስ ደግሞ በጣም ውድ ሥራ ነው። ዝገቱን ከፊት መብራቶቹ በላይ ካለው ቅንድብ ጀምራችሁ ፈልጉት። ሁለት በር ያለው ቤል ኤር፣ ማለትም ከ57 ሸቭሮሌቶች በጌጥ የበለጠው፣ ዋጋው ከፍ ይላል። ባለ አራት በሩ ሴዳን ግን ከእሱ በብዙ ይረክሳል፣ እና ለእኔ ባለ አራት በሩ የተናቀው ያለ አግባብ ነው። ሚስትና ልጆች ይዞ እሁድ የሚወጣ ሰው ባለ ሁለት በር መኪና ለምን ይገዛል?

ሲ10 ፒክአፕ፣ በተለይ ከ1967 እስከ 1972 ያለው፣ ለመሥራት የሚቀለው እሱ ነው። ኮፈኑ ሥር ቁማችሁ የምትሠሩበት ቦታ አለ። የሚያብረቀርቅ ነገሩ ጥቂት ነው። አጭሩ ስፖንዳ ከረጅሙ ይወደዳል፤ ዕቃ የምትጭኑበት ከሆነ ረጅሙን ግዙና ገንዘባችሁን አትርፉ። የካቢኑን የታችኛውን ማዕዘናትና የእግር መርገጫውን ለዝገት እዩ።

ካማሮውን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። የ1969 ካማሮ የሻንሲ ቁጥሩ የሚናገረው ቪ8 ወይም ባለ ስድስት መሆኑን ነው። ኤስኤስ ይሁን፣ ዚ28 ይሁን (ብርቱ ሞተር ያላቸው ውድ ዓይነቶቹ ናቸው) ቁጥሩ አይነግራችሁም። ስለዚህ ተራውን ካማሮ ገዝቶ አርማ ለጥፎ፣ ትልቅ ሞተር አስገብቶ "ኤስኤስ ነው" የሚል ሻጭ ሞልቷል። ሌላው የሸቭሮሌት መኪና፣ ከ1969 እስከ 71 ያለው ሸቬል ኤስኤስም ችግሩ ያው ነው። ከፋብሪካው ጊዜ የቀረ ወረቀት ከሌለ የኤስኤስ ዋጋ አትክፈሉ። የተመሰለውም ቢሆን ጥሩ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ግን በተመሰለ መኪና ዋጋ።

ሙስታንግ ላይ ነገሩ የተሻለ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ አምስተኛ ምልክት ሞተሩን ይናገራል። ለምሳሌ ቁጥሩ በ6 ከጀመረ የ1966 ሞዴል ነው። ቀጥሎ "ኤፍ" ካለ ዲርቦርን፣ "አር" ካለ ሳን ሆዜ፣ "ቲ" ካለ ሜታቸን የተሠራ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ቁጥሮች 07 ከሆኑ ኩፔ፣ 08 ኮንቨርቲብል፣ 09 ፋስትባክ። ከዚያ አምስተኛው፦ "ቲ" ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ "ሲ" ተራው 289 (ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8)፣ "ኤ" ባለ አራት አፍ ካርቡሬተሩ 289፣ "ኬ" ደግሞ 271 የፈረስ ጉልበት ያለው ብርቱው ሞተር። አንድ ሻጭ "ኬ" ሞተር ነው ብሎ ብዙ ገንዘብ ከጠየቃችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ በሹፌሩ በኩል ባለው የውስጥ ላሜራ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ። ሞተሩ ሊቀየር ይችላል፤ ፊደሏ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ትናገራለች። ላሜራው ላይ ያለው ቁጥር ከታይትሉ (ከባለቤትነት ወረቀቱ) ጋር ካልተመሳሰለ ደግሞ ድርድሩን እዚያው አቁሙ። ከ1967 ወዲህ ያለ ፎርድ ከሆነ የማርቲ ሪፖርት የሚባለውን ማዘዝ ይቻላል፤ ከፎርድ የምርት መዝገብ የተወጣጣ ስለሆነ መኪናው ምን ይዞ እንደተሠራ በዝርዝር ይነግራችኋል።

ተሠርቶ ያለቀ ወይስ የሚሠራ?

ተሠርቶ ያለቀውን ግዙ። ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው። ባቲላሜራ፣ ቀለም፣ ኒኬልና የወንበር ሥራ ከሰው እጅ የምታሠሩ ከሆነ ወጪው ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ካለቀ በኋላ ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጣል። ያን ወጪ የቀድሞው ባለቤት ከፍሎላችኋል። ያልተሠራ መኪና የሚገባው ሥራውን ራሱን ለሚወድ ሰው ነው። ብየዳ ለመማር የሚፈልግ፣ ጋራዡ ውስጥ ማምሸት የሚያስደስተው፣ መቼ ያልቃል ብሎ የማይጨነቅ ሰው ከሆነ ይግዛ። ያኔም ቢሆን የተሟላ መኪና ይፈልግ። ሞተሩ የማይነሳ ግን ሁሉ ነገሩ ያለ መኪና፣ ተፈትቶ በካርቶን ከተቀመጠ መኪና በጣም ይሻላል። ካርቶን ውስጥ ሁልጊዜ የሚጎድል ነገር አለ።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ፔንስልቬንያ ካርላይል ሂዱ፤ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በጋ ላይ ለፎርድ ብቻ የሚዘጋጅ ትልቅ ትርኢት አለው። በኦክቶበር ደግሞ ሄርሺ ላይ እጅግ ሰፊ የድሮ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ ይቆማል። አሥር ሙስታንግ ጎን ለጎን ያየ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ብዙ ንባብ አያስፈልገውም። ለሽያጭ ሳይሆን ለትርኢት የመጣ ባለቤት ደግሞ የመኪናውን ጉድ አይደብቅም፤ ጠይቁት፣ ሲናገር ይውላል።

ሞዴሉስ?

እዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከመጠን ነው። ያችኑ ሙስታንግ ብንወስድ፣ በ1:64 መጠን (ከእውነተኛው 64 ጊዜ ባነሰ ርዝመት) 7 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። በ1:43 ወደ 11፣ በ1:24 ወደ 19፣ በ1:18 ወደ 26 ሴንቲ ሜትር። አንድ ሜትር መደርደሪያ ላይ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ በመሃላቸው ክፍተት ትታችሁ ብታቆሙ 1:64 ሃያ አምስት ያህል ይገባል። 1:18 ግን ሰባት ገደማ ነው። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ስሌት ከዋጋው የበለጠ ወሳኝ ነው።

1:64 ስንል መጀመሪያ የሚነሳው ሆት ዊልስ ነው። የመጫወቻ ድርጅቱ ማቴል በ1968 በ16 መኪናዎች ጀመረው። አብዛኞቹ የጊዜው የአሜሪካ መኪናዎች ናቸው፤ ካስተም ሙስታንግና ካስተም ካማሮ እዚያው ውስጥ አሉ። የመጀመሪያውን ስብስብ ከነደፉት አንዱ ሃሪ ብራድሊ ከጄኔራል ሞተርስ የመጣ ዲዛይነር ነበር፣ መኪናዎቹ ላይም ይታያል። እስከ 1977 ጎማቸው ላይ ቀይ መስመር ስለነበረ ሰብሳቢዎች "ሬድላይን" ይሏቸዋል። በዚያው ዘመን ከእንግሊዝ ማችቦክስ ነበረ። ማችቦክስ ለእውነተኛው መኪና ታማኝ ነበር፤ ሆት ዊልስ ደግሞ ሰፊ ጎማ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለምና ፍጥነት አመጣ። እኔ ለመልክ የሚሰበስበውን ሰው ወደ ድሮው ማችቦክስ እመራዋለሁ። በ1966 የወጣችው የማችቦክስ ነጭ ሙስታንግ ፋስትባክ ውስጧ ቀይ ነው፣ በሹፌሩ በኩል ባለች ትንሽ እጀታ የፊት ጎማዎቿ ይዞራሉ። ነጯ ብዙ ሳትደክሙ ትገኛለች። ብርቱካናማዋ ግን ብርቅ ናት፤ ካገኛችኋት ቀለሙ በኋላ የተቀባ አለመሆኑን አጣሩ።

አዲሱን ሆት ዊልስ መሰብሰብ ሌላ ጨዋታ ነው። ተራው ሱቅ ውስጥ ከአንድ ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፤ ደስታው አደኑ ነው። ከ1995 ጀምሮ በተራዎቹ መሃል "ትሬዠር ሃንት" (የሀብት ፍለጋ) የሚባሉ ጥቂት ብርቅ መኪናዎች እየተደባለቁ ይመጣሉ። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ከፍ ያለው "ሱፐር" አለ፤ ጎማው የላስቲክ ነው፣ ቀለሙ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይህን ብትመርጡ ደስ ይለኛል፤ ከልጅ ጋር አብሮ የሚሠራ ነው፣ ቢሰበርም አያስለቅስም። ከሌላ ሰው ላይ "ሱፐር" የምትገዙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የተራውን መኪና ጎማ በላስቲክ ቀይሮ የሚሸጥ አለ፣ ፕላስቲኩን ከፍቶ መልሶ የሚለጥፍም አለ። ካርዱና ፕላስቲኩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሙጫ ምልክት ካለ ተዉት።

በተመሳሳይ መጠን እውነተኛውን መኪና የሚመስል ነገር ለሚፈልግ ከሆት ዊልስ ይልቅ ግሪንላይት፣ ኤም2 ማሺንስ ወይም አውቶ ወርልድ ይሻለዋል። ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ነው፣ ግን የጎማው መጠን ልክ ነው፣ ብዙዎቹ ኮፈናቸው ይከፈታል፣ መብራቱና ፍሬቻው በጥንቃቄ ተቀብቷል። አሥር ርካሽ ከመግዛት ሦስት እንደዚህ ያለ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

1:43 አውሮፓ ላላችሁ ነው። እዚያ የሚወደደው መጠን እሱ ነው። በ1974 ካናዳ ውስጥ ተጀምሮ በኋላ ወደ እንግሊዝ ባዝ ከተማ የተዛወረው ብሩክሊን ሞዴልስ የ1930ዎቹን፣ የ40ዎቹንና የ50ዎቹን የአሜሪካ መኪናዎች ከከባድ ነጭ ብረት ይሠራ ነበር። እጅ ላይ ሲያዝ ክብደቱ ራሱ ደስ ይላል።

1:18 ለመልክ ወዳጅ ነው። በሩ ይከፈታል፣ መሪው ጎማውን ያዞራል፣ ሞተሩ ላይ የካንዴላ ሽቦ ሳይቀር ይታያል። በ1990ዎቹ ኤርትል ያወጣቸው "አሜሪካን መስል" የሚባሉት አሁንም በሁለተኛ እጅ በደህና ዋጋ ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ጥራት ለሚፈልግ ኤሲኤምኢ በቁጥር የተወሰኑ ሞዴሎች ያወጣል፣ ዋጋቸው ከመቶ ዶላር በላይ ነው። አንድ ነገር ለዩ፦ ዳይካስት የሚባለው ብረት ነው፣ በአብዛኛው ይከፈታል። ሬዚን የሚባለው ቅርጹ የጠራ ነው፣ ግን አብዛኛው ድፍን ነው፣ ምንም አይከፈትም። ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማየት የሚወድ ሰው ሬዚን ገዝቶ ማዘኑ አይቀርም።

እና ኪት አለ። በቁርጥራጭ ፕላስቲክ የሚመጣ፣ ራሳችሁ ቀብታችሁና ለጥፋችሁ የምትገጥሙት፣ ብዙውን ጊዜ 1:25 ወይም 1:24። ኤኤምቲና ሬቭል ዋናዎቹ ናቸው። ለእኔ ከሞዴሎቹ ሁሉ ወደ እውነተኛው መኪና የሚቀርበው ይህ ነው። ሞተሩን ትገጥማላችሁ፣ ካምቢዮውን ከኋላው ታያይዛላችሁ፣ ሻንሲው ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ሲያልቅ መኪናው እንዴት እንደሚሠራ ገብቷችኋል። ልጅ ሆኖ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና እየሠራ ያደገ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል። እውነተኛ መኪና ልግዛ አልግዛ ብላችሁ ካመነታችሁ አንድ ኪት ገዝታችሁ ጨርሱ። ቀለሙን መሞረድ፣ መድረቁን መጠበቅ፣ አንዷን ክፍል ሁለቴ መሥራት ካስደሰታችሁ ያልተሠራ መኪና ለእናንተ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ላይ ካስቀመጣችሁት ተሠርቶ ያለቀውን ግዙ።

በመሃል ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዓይነት አለ፦ ፕሮሞ። የመኪና ነጋዴዎች በ1950ዎቹና 60ዎቹ ለደንበኛ የሚሰጡት ወይም የሚሸጡት 1:25 የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ቅርጹም ቀለሙም የዚያን ዓመት እውነተኛ መኪና ይከተላል፤ ስለዚህ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካው ምስክር ነው። የ50ዎቹ ፕሮሞዎች የተሠሩበት ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይጣመማል። በ60ዎቹ ፕላስቲኩ ተቀይሮ ችግሩ ቀርቷል። ስለዚህ የ57 ሸቭሮሌት ፕሮሞ ስትገዙ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አራቱም ጎማ መንካቱን እዩ። የሙስታንጉ ላይ ይህ ስጋት የለም።

አያያዝ

ሞዴል ፀሐይ አይወድም። ቀይ ቀለም ቶሎ ይገረጣል። ጎማው ለስላሳ ላስቲክ የሆነ ሞዴል ፕላስቲክ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ሲቆም ጎማው ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፣ ምልክትም ይተዋል፤ መስታወት ወይም እንጨት ላይ አስቀምጡ። በጣም የቆየ የዚንክ ሞዴል ስትገዙ ደግሞ ቀለሙ ሥር ስንጥቅና እብጠት ፈልጉ። ብረቱ ውስጥ እርሳስ የመሰለ ቆሻሻ ከተቀላቀለ ከውስጥ ይፈረፍራል፣ ማቆሚያ የለውም።

ካርቶኑን አትጣሉ። በተለይ 1:18 ላይ የካርቶኑና የውስጡ ማቀፊያ መኖር ሲሸጥም ቤት ሲቀየርም ዋጋ አለው።

የት ነው ያላችሁት?

አሜሪካ ሆናችሁ ጋራዥና ትርፍ ጊዜ ካላችሁ ባለ 289 ሙስታንግ ኩፔ፣ ወይም ሲ10። ቤተሰብ ካለ ባለ አራት በሩ ሸቭሮሌት። ጋራዥ ከሌለ ለዓመት የምትከፍሉትን የኪራይ ገንዘብ አስሉና ስንት ጥሩ 1:18 እንደሚገዛ እዩት፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለትርፍ ብላችሁ ግን አንዱንም አትግዙ። በሙስታንግ ኩፔ ሀብታም የሆነ ሰው አላየሁም፣ ከሱቅ በተገዛ አዲስ ሆት ዊልስም እንደዚሁ።

"ጡረታ ስወጣ መኪናዬን ይዤ አገር ቤት እገባለሁ" የምትሉ አላችሁ። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውሱ። በዚህ ተስፋ መኪና አትግዙ።

አዲስ አበባ ላላችሁ እንግዲህ ምርጫው ሞዴል ነው፤ ከሞዴልም ኪቱን አስመጡ። ቀላል ነው፣ ካርቶኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ እንደ 1:18 መስታወቱ ተሰበረ ብላችሁ አትሳቀቁም። መንገደኛ ስትልኩ ግን ስፕሬይ ቀለምና የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ እንዳይዝላችሁ ንገሩት፤ ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም። በውሃ የሚበጠበጠውን አክሪሊክ ቀለምና ሁለት ቀጭን ብሩሽ ያምጣላችሁ፣ ማጣበቂያውን እዚያው ከተማ ፈልጉና ከመጠቀማችሁ በፊት በማይፈለግ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።